«የአረብ መሪዎች» ሲባል እነማን ናቸው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። «ኤርዶጋንን ጨምሮ የአረብ መሪዎች» የሚል ዜና አነበብኩና ነገሩ ከነከነኝ። ቱርክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አረብ የሆነችው? ኢራንስ? ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ጅቡቲስ የት ይመደባሉ? የገባው ያስረዳኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ቱርክም ኢራንም አረብ አይደሉም፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ቱርኮቹ ቱርክኛ፣ ኢራኖቹ በአብዛኛው ፋርስኛ ነው የሚናገሩት። ፋርስኛ በአረብ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ይሸወዳል እንጂ በቋንቋ ዝምድና ከሄድን ለአረብኛ የሚቀርበው ፋርስኛ ሳይሆን የኛው ግዕዝና አማርኛ ነው!

ሙስሊም ሁሉ አረብ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ኢንዶኔዥያ ከየትኛውም የአረብ አገር የሚበልጥ ሙስሊም ሕዝብ አላት፣ አረብ ግን አይደለችም። በሌላ በኩል የሊባኖስ ፕሬዚዳንት በአገሪቱ ልማድ የማሮናይት ክርስቲያን መሆን አለበት፤ እሱን ከአረብ መሪዎች የሚያወጣው የለም።

እንዲህ ያለው ዜና በብዛት የሚበላሸው ከጉባኤ ዘገባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 ስለ ጋዛ ሪያድ ላይ የተጠራው ስብሰባ የአረብና የእስልምና አገራት ጥምር ጉባኤ ነበር፣ ለዚህም ነው ኤርዶጋንም የኢራኑ ራይሲም የተገኙት። ዘጋቢው «የእስልምና» የምትለዋን ሲቆርጣት ሁለቱም በአንድ ሌሊት አረብ ሆነው አደሩ።

ጠያቂዋ፦ ሃሃ፣ ገባኝ ጋሼ። ሶማሊያና ጅቡቲስ?

ጋሽ መዝገቡ፦ እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የአረብ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1945 ካይሮ ላይ ተመሠረተ፣ ዛሬ 22 አባላት አሉት። ሶማሊያ በ1974፣ ጅቡቲ በ1977፣ ኮሞሮስ በ1993 ገቡ። ሶማሌው ቋንቋው ሶማልኛ ነው፣ ሊግ ውስጥ ግን ወንበር አለው። ቻድ ደግሞ አረብኛን ከፈረንሳይኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ አባል አይደለችም። ስለዚህ አባልነት የፖለቲካ መታወቂያ እንጂ የዘር ምስክር ወረቀት አይደለም።

በመሪዎቹ ላይ ሲመጣ ይብሳል። ሰውየው ሌላ፣ ወንበሩ ሌላ። ኢራቅን እዩ፤ ከ2005 ጀምሮ ፕሬዚዳንቶቿ ኩርዶች ናቸው። በ2012 ባግዳድ የአረብ መሪዎችን ጉባኤ ስታስተናግድ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጃላል ታላባኒ ነበሩ፣ ኩርድ። ሶማሊያን ሊግ ያስገባው የዚያድ ባሬ መንግሥት ነው፤ ዚያድ ባሬ አረብ ነበር የሚል ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

ቀለሟ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ራሱን ምን ይላል የሚለው መረሳት የለበትም። ሞሮኮ ውስጥ አረብኛን አቀላጥፎ እየተናገረ «እኔ አማዚግ ነኝ፣ አረብ አትበሉኝ» የሚል ስንት አለ፤ አማዚግ ማለት በርበር የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ነው። የ2011 ሕገ መንግሥታቸውም የአማዚግን ቋንቋ ከአረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል። ግብፅ ውስጥ ስለ ኮፕቶች ብትጠይቁ አንዱ አረብ ነኝ ይላችኋል፣ ሌላው የፈርዖን ልጅ ነኝ ብሎ ይቆጣል። ሱዳንማ ይሄው ጥያቄ ደም አፋሷታል።

ደግሞ የኛን «አረብ አገር» አትርሱ! «ልጅቷ አረብ አገር ናት» ሲባል ቤሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ ወይ ኩዌት ለሥራ ሄዳለች ማለት ነው። ካርቱም ወይ ጅቡቲ የሄደውን ማንም እንደዚያ አይለውም፣ ሁለቱም የሊግ አባል ሆነው እያለ። የሰፈሩ «አረብ ቤት» ደግሞ የየመኒው ሱቅ ነበር፣ የመን ግን ዛሬ በኛ አፍ «አረብ አገር» ሳይሆን ሰው ወደ ሳዑዲ የሚሻገርባት መንገድ ሆናለች።

ጋሽ መዝገቡ፦ ቀለሟ ልክ ነሽ፣ የኛ «አረብ አገር» የሚለካው በደመወዝ ነው።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ታዲያ ያ ዜና እንዴት ይታረም?

ጋሽ መዝገቡ፦ «የአረብና የሙስሊም አገራት መሪዎች» ይበል፣ ኤርዶጋን እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ስብሰባው የሊጉ ብቻ ከሆነ «የአረብ ሊግ አባል አገራት መሪዎች» ይባል፤ ኩርዱም ሶማሌውም ማንነታቸው ሳይነካ ይካተታሉ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ስህተት የለበትም።