ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ወንበሬ ተይዟል፤ ምን ላድርግ?

ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ወንበሬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ዕቃዬ በካርቶን ታሽጎ ኮሪደር ላይ ወጥቷል፤ የቡና ስኒዬ ሳይቀር! አለቃዬ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ አቅርቦ «ፈርሚ፣ ለአንቺም ይሻልሻል» አለኝ። አልፈረምኩም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወለድኩ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት እንደሚከለክል አንብቤያለሁ። ልጄ ግን 3 ወር ከሳምንት ሆኗታል። ቀኑን እየጠበቁብኝ ይሆን? አሁን በየቀኑ እገባለሁ፣ ሥራ አይሰጡኝም። ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜን ሲያረጥበው ሽንት ቤት ገብቼ አልባለሁ።

በቃል የተባልኩትን በምን ላስረዳ? መጀመሪያ የት ልሂድ፣ ሥራና ክህሎት ቢሮ ወይስ ቀጥታ ፍርድ ቤት?