የካሴቶቹ ፕሮፖዛል፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ፀሐፊዋ፣ ሰኞ
ሁለተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። ካውንቲው (የአካባቢው መስተዳድር) 10,000 ዶላር ይሰጣል፤ የዋሽንግተን አካባቢ ሦስቱ ማኅበራት ተደምረን 10,000 እናወጣለን። ሥራው አንድ ነው፦ ከየቤዝመንቱ የተሰበሰቡትን 412 ካሴቶች ወደ ዲጂታል መገልበጥ፣ የባለቤቶቹንም ታሪክ በድምፅ መያዝ። ርዕሱ «የስደት ዘፈን በካሴት»። አስተያየት እስከ እሁድ ማታ። የድምፅ ማጉያውን ጉዳይ እዚህ የሚያነሳ ይሰረዛል።

ባለ ካሴቱ፣ ሰኞ
ከ412ቱ 180ዎቹ የእኔ ናቸው። ከቤቴ አይወጡም። ማሽኑ ወደ እኔ ይምጣ። ድምፅ ማጉያው ምን ሆኖ እንደተመለሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ፀሐፊዋ፣ ሰኞ
አልኩ እኮ!

ልጅ ኪቦርድ፣ ሰኞ
ካሴት መገልበጥ ፋይል እንደመላክ አይደለም። ሲ60 የሚባለው የስልሳ ደቂቃ ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። አብዛኞቹ ሲ60 ናቸው፤ ስለዚህ ቢያንስ 400 ሰዓት ያዙ። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ከቀዳን አንዱ ሰዓት 2 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ተገዝቶ ሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። የማጫወቻው ሄድ፣ ማለት ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ካሴት በጥቂቱ መስተካከል አለበት፣ ካልሆነ ድምፁ ይታፈናል። ዋናው ራስ ምታት ደግሞ አብዛኛው የኮፒ ኮፒ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ተገልብጦ፣ ጅዳ ተገልብጦ፣ እዚህ ተገልብጦ ነው የደረሰን። ፍጥነቱ ተዛብቷል። ክራሩ ከፍ ብሎ የተቃኘ ይሁን ቴፑ የሮጠ፣ እኔ እዚህ ተወልጄ በምን ልለየው? ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ።

ባለ ዴኩ፣ ሰኞ
እኔ አለሁ። ሁለት ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) አለኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ። ቁጠሩኝ።

ጋሽ ታክሲ፣ ማክሰኞ
ሁሉም ጥሩ። «ስደት» የሚለው ቃል ካልወጣ ግን አልፈርምም። እኔ በተማሪ ቪዛ ነው የመጣሁት። ማንም አላሳደደኝም። የልጅ ልጆቼ እያዩ በትልቅ ፖስተር ላይ ስደተኛ ልባል?

መርካቶ ተራ፣ ማክሰኞ
ጋሼ፣ በተማሪ ቪዛ መጡ፣ አብዮቱ ፈነዳ፣ ሳይመለሱ ቀሩ። ይሄ ምን ይባላል?

ጋሽ ታክሲ፣ ማክሰኞ
መቅረት ይባላል።

የዲቪዋ፣ ማክሰኞ
እኔም አልስማማም። ዲቪ ደርሶኝ በእልልታ ነው ቦሌ ድረስ የተሸኘሁት። «ዲያስፖራ» በሉት።

ሒሳብ ያዥ፣ ማክሰኞ
ዲያስፖራ ሲባል የባንክ አካውንት ማስታወቂያ ነው የሚመስለኝ።

መርካቶ ተራ፣ ማክሰኞ
ስደት ነውር ከሆነ ዘፈናችንም ነውር ነው። በ1924 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት አርባ ልጆች ማን ነበሩ? ከእልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባዎች። የነሐስ ባንዱ በእነሱ እጅ ነው የቆመው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። ስደተኛ ያወጣውን ዜማ ነው እስከ አብዮቱ ቆመን የዘመርነው!

ቀጥሎ አምሃ እሸቴ። በ1969 የራሱን ሸክላ ማውጣት ሲጀምር ፈቃዱ በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ደፈረ። መጀመሪያ ሕንድ፣ ኋላ ሊባኖስ እያሳተመ አስገባ። በ1975 እሱም አገር ለቆ እዚሁ ዋሽንግተን መጣ። ሸክላው ቆመ፣ ካሴት ተተካ። ለምን? ሸክላ ማተሚያ ይፈልጋል፣ ካሴት ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ ይገለብጠዋል። ዋልያስ ባንድ በ1981 ለሥራ መጥቶ ገሚሱ እዚህ ቀረ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ቀዳ። ባንድ የሚሞላውን ቦታ ማሽን ሞላው ማለት ነው። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፣ ኪቦርዱ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ፕሮፖዛሉ ስለዚህ ነው። ቃሏን ተዉአት።

ጋሽ ታክሲ፣ ማክሰኞ
አርመኖቹ ወደ እኛ መጡ። እኛ ከእኛ ወጣን። አንድ አይደለም።

ልጅ ኪቦርድ፣ ረቡዕ
የሄዱን ነገር ያነበበ ሰው አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ረቡዕ
«ትዝታ በካሴት» ብንለውስ?

መርካቶ ተራ፣ ረቡዕ
ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን የት ጥለሽ? ግማሹ ካሴት የሠርግ ዘፈን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ረቡዕ
ሐሳብ ሰጠሁ እንጂ ቅኝት አላስተማርኩም። አንተ ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ። የመስቀሉንም በዓል ያበላሸኸው እንዲሁ ነው።

የዲቪዋ፣ ረቡዕ
«ባሕር ማዶ»?

ሒሳብ ያዥ፣ ረቡዕ
ባሕር ማዶስ እኛ ከዚህ ሆነን አገር ቤትን ነው የምንለው ወይስ እነሱ እኛን?

መርካቶ ተራ፣ ረቡዕ
በአንድ ሰውዬ ኩራት 20,000 ዶላር ሊቀር ነው። አርባ ዓመት አልፏቸው ዛሬም የቪዛቸውን ዓይነት ይቆጥራሉ።

ጋሽ ታክሲ፣ ረቡዕ
አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ! ይህ ማኅበር ሲመሠረት አንተ ዳይፐር ላይ ነበርክ። የእድሩን ድርሻ አንሥቼ እወጣለሁ።

ፀሐፊዋ፣ ረቡዕ
እስከ ነገ ማንም አይጻፍ።

ባለ ካሴቱ፣ ሐሙስ ሌሊት
እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሳጥኑን ከፈትኩት። ከ180ዎቹ ሠላሳ ያህሉ ዘፈን አይደሉም። የእናቴ ድምፅ ነው። በደርግ ጊዜ ደብዳቤ ይከፈታል ብላ ስለምትፈራ በሰው እጅ ካሴት ትልክልኝ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ታስናግራለች። ተናግራ ስትጨርስ የቀረው ቴፕ ባዶውን እንዳይሄድ ከሬዲዮ ዘፈን ትቀዳበታለች። ዘፈኑ መሀል ላይ ዶሮ ይጮኻል። እነዚህን ከመቁጠሩ አውጡልኝ። ወይም አታውጡ፣ እንጃ።

ጋሽ ታክሲ፣ ሐሙስ
የእኔም እናት እንዲሁ። አንዷ ብቻ ነች የቀረችኝ፣ ቴፑ ተጠምዝዟል። ልጅ ኪቦርድ፣ ይድናል?

ልጅ ኪቦርድ፣ ሐሙስ
ካልተበጠሰ ይድናል ጋሼ። እንዳያጫውቷት። በእጅ በእርሳስ አጠንጥነው አዲስ የካሴት ቤት ውስጥ እናስገባታለን።

መርካቶ ተራ፣ ሐሙስ
ጋሼ፣ ትናንት ያልኩትን ይርሱልኝ።

ጋሽ ታክሲ፣ ሐሙስ
ረስቻለሁ። ቃሉ ግን ይውጣ።

ሒሳብ ያዥ፣ ዓርብ
ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ረቂቁ «በነፃ ለሕዝብ በኢንተርኔት» ይላል። ዘፋኙም አሳታሚውም መብት አላቸው፣ በአገራችንም በፈረንጅ 2004 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ 410 አለ። ማን ፈቀደልን? በአዳራሽ ማሰማት ተብሎ ይስተካከል፣ ለዚያም ፈቃድ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ካውንቲው ሕዝብ የሚገኝበት ዝግጅት ይፈልጋል። ስለዚህ ደመርኩት፦ አዳራሽ 4,500፣ ምግብ 6,000፣ ኪቦርድ ተጫዋችና ድምፅ 3,500፣ ቲሸርትና ፖስተር 1,500። ለካሴቶቹ 4,500 ይቀራል።

ልጅ ኪቦርድ፣ ዓርብ
የባንድ ካሴት ለማዳን አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ ልንቀጥር ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ዓርብ
ባንድ ውድ ነው። ምግቡ ጾም ነው ፍስክ? ቀኑ ዓርብ ከሆነ እኔ ሽሮ አዘጋጃለሁ።

የዲቪዋ፣ ዓርብ
ቲሸርቱ ላይ ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ይደረግ።

ልጅ ኪቦርድ፣ ቅዳሜ
ባለ ዴኩን ያየው አለ? ከሰኞ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

ፀሐፊዋ፣ እሁድ ማታ
ሦስተኛው ረቂቅ። ርዕስ፦ «የባህል ምሽት»። የሚገለበጡ ካሴቶች፦ 60፣ ቀሪው በሚቀጥለው ዓመት። የደብዳቤ ካሴቶች በየባለቤቱ ፈቃድ ብቻ። ነገ 5 ሰዓት ላይ ይላካል።

ጋሽ ታክሲ፣ እሁድ ማታ
5 ሰዓት በአበሻ ነው በፈረንጅ?

ባለ ካሴቱ፣ እሁድ ማታ
ከ60ዎቹ ስንቱ የእኔ ነው? ማንስ መረጣቸው?