«ቡሽዋክ» ጥሻ መጣስ ነው ወይስ ማድፈጥ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች! አንድ የእንግሊዝኛ ግስ አስቸግሮኛል። ስለ አላስካ የእግር ጉዞ የሚያወራ ጽሑፍ ላይ «መንገዱ ስላለቀብን ቡሽዋክ አደረግን» ይላል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ላይ ደግሞ ቡሽዋከሮች ሰው ይገድላሉ። ቃሉ አንድ ነው? ለትርጉም ሥራ ስለሆነ ቶሎ ብትሉልኝ።

መልስ፣ ተጓዡ፦ አዎ፣ አንድ ነው። ለተጓዥ ግን ግድያ የለበትም፤ የተቀየሰ መንገድ ትቶ ጥሻ ለጥሻ መሄድ ነው። አላስካ ውስጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አልደር የሚባለው ቁጥቋጦ እርስ በርሱ ተቆላልፎ አላሳልፍ ይላል፣ ዴቭልስ ክለብ የሚሉት እሾሃም ተክል እጅህን ይወጋሃል። «ጥሻ ጥሰን ሄድን» ብትለው ይበቃል።

መልስ፣ የታሪክ ተማሪ፦ የጦርነቱ ቡሽዋከሮች በተለይ ሚዙሪ ውስጥ ለደቡቡ ወገን የሚዋጉ የሽምቅ ተዋጊዎች ነበሩ። ጫካ ያደፍጣሉ፣ የሰሜኑን ወታደር ይመታሉ፣ ይሰወራሉ። ሲቪልም አልማሩም። ክዋንትሪል የሚባለው መሪያቸው ያሰለፈው ቡድን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1863 ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ ከተማ ገብቶ 150 ገደማ ወንዶችንና ልጆችን ፈጀ። ያ እንኳን ደፈጣ ሳይሆን ንጋት ላይ በግልጽ የተደረገ ወረራ ነው፤ ስሙ ግን ተጣብቆባቸው ቀረ። በኋላ በባንክ ዘረፋ የታወቀው ጄሲ ጄምስም ከቡሽዋከሮች ጋር የተዋጋው ገና በ16 ዓመቱ ነው።

መልስ፣ እንግዳ፦ ታዲያ «ሸፈተ» ቢባልስ?

መልስ፣ የታሪክ ተማሪ፦ አይሆንም። ሸፈተ ስትል ሰውየው ከመንግሥት ጋር መጣላቱን ነው የምትናገረው። ሸፍቶ አንድም ሰው ሳይነካ ጫካ የሚኖር አለ። ይሄኛው ግን ድርጊቱ ራሱ ነው፤ ተደብቆ ድንገት መምታት።

መልስ፣ አስተማሪዋ፦ መለያው ቀላል ነው። ግሱ ተሳቢ ከሌለው በአብዛኛው ጉዞ ነው። «እገሌን» የሚል ተሳቢ ካለው፣ ወይም ድርጊቱ የተፈጸመበት ሰው ከተጠቀሰ፣ ደፈጣ ነው። ቢሮ ውስጥም ይሠራል፤ ስብሰባ ላይ ያልጠበቀው ጥያቄ የወረደበት ሰው «ቡሽዋክ ተደረግኩ» ሊል ይችላል። እዚያ ጋ ጥይት እንዳታስገባ! ድሮ ደግሞ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ እየጨበጡ ጀልባን ወደ ላይ መጎተትንም ቡሽዋክ ይሉት ነበር፤ ዛሬ ብዙም አያጋጥምህም።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! «ሸሪፉ ወንዙ አጠገብ ቡሽዋክ ተደረገ» የሚል አለኝ። «ተገደለ» ልበል?

መልስ፣ አስተማሪዋ፦ አትቸኩል። «ወንዙ አጠገብ አድፍጠው መቱት» በል። መሞት አለመሞቱን የሚነግርህ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነው።