ተከራይ ይኮበልላል?

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦ እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ በብሎካችን መግቢያ ላይ «የጥበቃ መዋጮ ሳይከፍሉ የኮበለሉ ተከራዮች» የሚል ማስታወቂያ ከእነ ስም ዝርዝሩ ተለጥፏል። አንደኛው ጎረቤቴ ነበር። የሦስት ወር መዋጮ እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ሰው ከኪራይ ቤት ይወጣል፣ ይለቃል እንጂ እንዴት ይኮበልላል? ቃሉ ይነሣ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ቃሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ። «ለቀቀ» የሚባለው ሒሳቡን ዘግቶ ቁልፉን ላስረከበ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ለሄደ ሰው ምን ልበል? «ሹልክ አለ» ብዬ ላቆላምጠው?

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦ ቁም ሣጥን ይዞ ሹልክ የሚል ሰው የለም። በሩን የከፈተለትም፣ ፍራሹን ያሸከመውም የእናንተው ጥበቃ ነው።

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፦ ልጆቼ፣ ሌሊቱን ተዉትና ቃሉን እንየው። ሹልክ የሚል ሰው ዓይን አሳስቶ ነው የሚያልፈው፤ ጥፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ከሰርግ ቤትም ሹልክ ይባላል። ፈረጠጠ ሩጫ አለበት፤ ፈረስም ይፈረጥጣል። «እብስ አለ» ስንል ከሂያጁ ይልቅ ዘወር ብለው ያጡት ሰዎች ድንጋጤ ነው የሚሰማው። ኮበለለ ግን «ከማን?» ያስብላል። ባሪያ ከጌታው፣ ልጃገረድ ከወላጆቿ ቤት፣ ስፖርተኛ ከቡድኑ ይኮበልላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት «ወደ ተርሴስ ይኮበልል ዘንድ ተነሣ» ተብሏል፤ የመርከቡን ዋጋ ግን ከፍሎ ነው የተሳፈረው። እንግዲህ ሰውን ኮብላይ የሚያሰኘው ካዘዘው መሸሹ ነው፤ ዕዳ ኖረም አልኖረም። ጸሐፊያችን፣ ኮሚቴው በተከራይ ላይ ጌታ የሆነው መቼ ነው?

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ጌትነት አልተመኘንም፤ ጥበቃው ግን በየወሩ ደመወዙን ይጠይቀናል። ይሁን፣ «ሳይከፍሉ የሄዱ» ብዬ አስተካክላለሁ። ስሙን ግን ከማስታወቂያው ላይ አላነሣም።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦ በስሙም ላይ ክርክር አለኝ፤ ለእሑድ ስብሰባ ይቆየን።

ባለ ሱቋ፦ እኔ በዱቤ ደብተሬ ላይ «ጠፋ» ብዬ ነው የጻፍሁት፤ ሁለት ሊትር ዘይትና አንድ ሳሙና አለበት። መንገድ ላይ ባገኘው «ምነው ጠፋህ?» እለዋለሁ። ሰላምታ ከመሰለው የራሱ ጉዳይ።