ጌም ላይ ናይቶቼ (ፈረሰኞቼ) በባለ ጦር እግረኛ አለቁብኝ፤ 8 ሰዓት ላይ እንቀጥላለን፣ ድረሱልኝ

የቶሳ ልጅ፦ ደሴ ፒያሳ ጌም ቤት ነው ያለሁት። ጨዋታውን ሴቭ አድርገን ልጁ ምሳ ሊበላ ወጥቷል። 8 ሰዓት ሲሆን ካቆምንበት እንቀጥላለን። 30 ናይት ልኬ 4 ብቻ ተመለሱ። እሱ ያሰለፈው ተራ ባለ ጦር ነው፤ ወርቅ እንኳ አላወጣበትም። ፈረሰኛው ጠንካራ ነው ስለተባለ አይደል እንዴ የመረጥኩት? ምን ላድርግ? ቶሎ በሉኝ።

ቦርከና፦ የትኛው ጌም? አንተ ማንን ይዘሃል? እሱስ? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ?

የቶሳ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2። እኔ ፍራንክ፣ እሱ ኢትዮጵያ። ሁለታችንም ካስል ኤጅ (ሦስተኛው ዘመን) ላይ ነን። ማፑ አረቢያ የሚባለው ክፍት ሜዳ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ስከርሚሸር (ከርቀት ጦር ወርዋሪውን) አውጣ። ለባለ ጦርም ለቀስተኛም ይሆናል። ምግብና እንጨት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ሲባል አልሰማህም? የራሳችንን የወሎ ፈረሰኛ አስብ። በ1888 ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የዳቦርሚዳን ብርጌድ ያጠቁት ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ነው። ብርጌዱ ከሌላው የጣሊያን ጦር ተነጥሎ ነበር። ቦታው ጠባብ ነው፣ መሸሻ የለውም። ፈረስ ለተነጠለና ለተበተነ ጠላት ነው። ተሰልፎ፣ ጦሩን ቀስሮ የሚጠብቅህ ሰው ላይ ፊት ለፊት አይነዳም። ንጉሥ ሚካኤል የአይጠየፍን አዳራሽ ባሠሩበት ከተማ ተቀምጠህ ይህ ሊጠፋህ አይገባም።

የቶሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን 40 ደቂቃ ነው የቀረኝ።

ቦርከና፦ ልጁን ክትፎ ጋብዘው። እንቅልፍ ይዞት ይመለሳል።

ኮምቦልቻው፦ እኔ ጥያቄውን ባነሳህበት መንገድ አልስማማም። ናይት ደካማ ሆኖ አይደለም ያለቀብህ። እንዲያውም የፍራንክ ፈረሰኛ ላይፉ (የሚችለው ጉዳት) 20 በመቶ ይበልጣል፤ የሌላው ናይት 100 ሲሆን ያንተ 120 ነው። ግን ሂሳቡን እየው። አንድ ናይት 60 ምግብና 75 ወርቅ ነው። የእሱ ባለ ጦር 35 ምግብና 25 እንጨት። ኢትዮጵያን የያዘ ደግሞ ባለ ጦሩን ወደ ጠንካራው ፓይክማን የሚያሳድገውን አፕግሬድ በነፃ ነው የሚያገኘው። ፓይክማን ፈረሰኛን ሲመታ 22 ይጨመርለታል። የሞቱብህ 26 ናይቶች 1950 ወርቅ ናቸው። እሱ ያንን በእንጨትና በምግብ ነው የጨረሰብህ። ስንት ቪሌጀር (ሠራተኛ) አለህ?

የቶሳ ልጅ፦ 38።

ኮምቦልቻው፦ በቃ፣ ችግሩ እዚያ ነው። ቪሌጀር ሳታበዛ ጦር አበዛህ።

ሰኞ ገበያ፦ ስከርሚሸር አልኩህ እኮ!

የሆጤዋ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አልተሸነፍክም። የተረፉትን 4 ናይቶች ዳግም ወደ ፓይክማን እንዳትልካቸው። ፓይክማን በእግሩ ነው፤ አይደርስባቸውም። ዞረህ እርሻው ላይ ግባ። ሁለት ሦስት ቪሌጀር ግደልና ፓይክማኖቹ ብቅ ሲሉ ውጣ። ከዚያ ወርቅ የሚቆፍሩት ጋ ሂድ። እኔ ከወንድሜ ጋር ስጫወት እንዲህ ነው ያደረግኩት። የእሱ ፓይክማኖች ከእርሻ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ እንጨት ሲሯሯጡ እኔ ካስል (ምሽግ) ሠርቼ ጨረስኩ። ለፍራንክ ካስል ይረክሳል፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠቀምበትም። ከካስሉ መጥረቢያ ወርዋሪዎቹን አውጣ። ከርቀት ስለሚመቱ ባለ ጦሩ ሳይደርስባቸው ይወድቃል። ቀስተኛ ካመጣ ግን እነሱን ወደኋላ መልስና ናይት ልቀቅበት። የኢትዮጵያ ቀስተኛ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል፣ ቆመህ አትጠብቀው።

የቶሳ ልጅ፦ ይህ ገብቶኛል። ግን ካስሉ የሚሠራበት ድንጋይ 300 ብቻ ነው ያለኝ።

የሆጤዋ፦ ገበያ ሠርተሃል? በቀረህ ወርቅ የጎደለውን ድንጋይ ግዛ። 6 ቪሌጀር ደግሞ ወደ ድንጋይ ላክ። ለጊዜው ናይት አትጨምር።

ኮምቦልቻው፦ ታውን ሴንተርህም (ዋናው ሕንፃህ) ቪሌጀር ማውጣቱን እንዳያቆም።

ጋሽ መምህር፦ ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት።

የቶሳ ልጅ፦ ልጁ መጣ! ካስሉን እኔ ቤት ነው ወይስ እሱ ወርቅ አጠገብ የምሠራው?

የሆጤዋ፦ አንተ ቤት በር ላይ፣ ወርቅህን እንዲጠብቅልህ። እሱ ጋ ብትሄድ ካስሉ ሳይቆም ቪሌጀሮችህን ይጨርስብሃል።

ሰኞ ገበያ፦ ስከርሚሸርም ጨምርበት።

ኮምቦልቻው፦ 11 ሰዓት ሆነ እኮ። የቶሳ ልጅ፣ ካስሉ ቆመ?