ለከተማው የምናስገባው የአትክልት ቦታ ማመልከቻ፦ ሐሳብ አዋጡ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ርዕሱ የመካከለኛው ዘመን የአትክልት ቦታ ነው። እኔ በጽጌረዳ የታጠረ ሣር፣ መሐሉ ላይ ፏፏቴ አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

የአትክልት ኮሚቴ፦ እህቴ፣ እሱ የመኳንንቱ ነው። እኔ የገዳሙን እመርጣለሁ። እዚሁ ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ጋለን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ብራና አለ። የዛሬ 1,200 ዓመት ገደማ የተሳለ የገዳም ፕላን ነው። ከሐኪሙ ቤት አጠገብ 16 የመድኃኒት መደቦች አሉት፤ በየመደቡ የተክሉ ስም ተጽፏል። ሳነበው ማመን አቃተኝ። ጤና አዳም፣ እንስላል፣ አብሽ፣ ከሙን፣ የጥብስ ቅጠል! የእናቴ ጓሮ እኮ ነው። ጽጌረዳም አለበት፣ ግን ለሕመምተኛ።

አንዲት እናት፦ ልጄ፣ ከሙን ያልከው ነጭ አዝሙድን ነው?

የአትክልት ኮሚቴ፦ አይደለም እትዬ፣ ራሱ ከሙን ነው። ድንብላል ደግሞ ከጎመንና ከሽንኩርት ጋር በሌላ ቦታ፣ 18 መደብ ባለው የወጥ አትክልት ውስጥ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን 16 መደብ አንችልም። 8 ይብቃን። ዙሪያውን በምን እንያዘው? ድንጋይ ውድ ነው።

የአትክልት ኮሚቴ፦ በሳንቃ። የራይሽናው ገዳም አለቃ የነበረው ዋላፍሪድ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ራሱ ጓሮ በግጥም ጽፏል። መጀመሪያ ሳማውን ነቀለ። ከዚያ አፈሩ እንዳይሸረሸር መደቡን በእንጨት አገደ። እኛም እንደዚያው እናድርግ። አጥሩን ከቀንበጥ እንጠልፈዋለን።

አንዲት እናት፦ ጤና አዳሙን ከመንገዱ አርቁት። የእዚህ አገሩ ከእኛው ትንሽ ይለያል፤ ግን የሁለቱም ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። አንድ በጋ እጄ ውሃ ቋጥሮ ሳምንት ሙሉ ተሠቃይቻለሁ። ልጆች ይነኩታል።

ጸሐፊ፦ እውነትዎን ነው፣ ከአጥሩ ጥግ ይሁን። እንግዲህ ፏፏቴውን ትቻለሁ። የሣር መቀመጫውን ግን አትከልክሉኝ። አፈር ከምረን፣ ጎኑን በቀንበጥ አጥረን፣ ላዩን ሣር እናለብሰዋለን። በዚያ ዘመን ሥዕሎች ሰዎች እንዲህ ባለ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ሽማግሌዎቻችን ያርፉበታል።

ገንዘብ ያዥ፦ በእሱ እስማማለሁ። ወጪውም አፈርና ጉልበት ብቻ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ማመልከቻው ላይ ይህ ይግባ፦ «8 የመድኃኒት መደቦች፣ በሳንቃ የታገዱ፤ አንድ የሣር መቀመጫ። በየመደቡ የተክሉ ስም በላቲን፣ በጀርመንኛና በአማርኛ ይጻፋል።» የአብሹን ዘር ማን ያመጣል?

አንዲት እናት፦ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።