አውሮፕላኑ ኡትቂያግቪክ ማረፍ አቅቶት አንኮሬጅ መለሰን፤ ምን እናድርግ?

ሰሜናዊት (ጠያቂ)፦ ወገኖቼ፣ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ። ከአባቴ ጋር በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ወዳለችው ኡትቂያግቪክ እየበረርን ሳለ ከተማዋ በጉም ስለተሸፈነች አብራሪው ጥቂት ዞሮ ወደ ተነሣንበት መለሰን። አየር መንገዱ የሰጠን ቀጣይ ወንበር ከነገ ወዲያ ሲሆን የናሉካታቅ በዓል ግን ነገ ነው። አባቴ በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት የማትጠልቀውን ፀሐይና የዓሣ ነባሪ አዳኞቹን በዓል በዓይናቸው ለማየት ነው። መኪና ተከራይቼ ሌሊቱን ስነዳ ባድር እደርሳለሁ? ሻንጣችን የት እንዳለም የሚነግረን አላገኘንም።

ጎማና ነዳጅ፦ እህቴ፣ የመኪናውን ነገር ይርሱት፤ ወደ ኡትቂያግቪክ የሚያደርስ አውራ ጎዳና የለም። ከአንኮሬጅ እስከ ፌርባንክስ 360 ማይል ያህል ይነዳሉ፤ ከዚያ በስተሰሜን የሚጀምረው የዳልተን ጎዳና 414 ማይል ሲሆን አብዛኛው ጠጠር ስለሆነ ብዙ አከራዮች መኪናቸው እንዲረግጠው አይፈቅዱም። ይህን ሁሉ አልፈው የጎዳናው መጨረሻ የሆነችው ዴድሆርስ ሲደርሱም ኡትቂያግቪክ ገና 200 ማይል ያህል በስተምዕራብ ትቀራለች፤ በመካከሉ ያለው ረግረግና ሐይቅ ብቻ ነው።

የጉለሌው፦ እኔ ደግሞ መኪናው ይከራይ ባይ ነኝ፤ ከዴድሆርስ በኋላ ያለውን ነጭ ድብ ይሸኛችኋል። ቀልዱን ትተን፣ የተሰጣችሁን ወንበር ሳትለቁ ነገ በሚነሣው በረራ ላይ ተጠባባቂ ሆናችሁ እንድትመዘገቡ አሁኑኑ ጠይቁ፤ በፌርባንክስ በኩል የሚያልፍ ካለም እንዲፈልጉላችሁ አድርጉ። ለበዓሉ ወደ አገሩ የሚመለሰው ሰው ብዙ ስለሆነ ዝርዝሩ ቶሎ ይረዝማል። ለአስተናጋጆቻችን ስጦታ ብላችሁ አረቄ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያው አንኮሬጅ ተዉት፤ በዚያች ከተማ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ ይዞ መግባትም ፈቃድ ይጠይቃል።

እውነቱን ልናገር፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሽማግሌ አባትን እስከዚያ ድረስ ማንገላታት ለምን አስፈለገ? በሰኔ ወር ፌርባንክስም ቢሆን ሌሊቱ አይጨልምም። ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ እዚያው ተዝናኑ።

ጎማና ነዳጅ፦ ፌርባንክስ ከአርክቲክ ክበብ በታች ስለሆነች በሰኔም ፀሐይዋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ትጠልቃለች፤ የማይጨልመው ከወገግታው የተነሣ ነው። ኡትቂያግቪክ ግን 71ኛው ዲግሪ ላይ ስላለች ከሜይ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ኦገስት መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በታች አትወርድም። የጂኦግራፊ መምህርን በዚህ ማታለል አይቻልም።

ሊቀ ጠበብት፦ ከሁሉ አስቀድሞ ስለምትሄዱበት ሕዝብ ማወቅ ይገባል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ባሮው ትባል ነበር፤ የጥንት ስሟን ያስመለሰው ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው በ381 ድምፅ ለ375 ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑፒያቶች ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ ከጥንት ጀምሮ ሲያድኑ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የዓሣ ነባሪዎቹ ቁጥር ተመናምኗል በማለት አደኑን ሲያግድ፣ አዳኞቹ «እናንተ የምትቆጥሩት በክፍት ውኃ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ብዙው በበረዶው ሥር ያልፋል» ብለው ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመትም የራሳቸውን የአዳኞች ኮሚሽን አቋቋሙ። በኋላ የውኃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ ተተክሎ ሲቆጠር የአዳኞቹ ቃል ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አደኑ በኮታ ይመራል፤ ሥጋውም ለሕዝቡ ይከፋፈላል። ናሉካታቅም የዚሁ ምስጋና ስለሆነ የአንድ ቀን ብቻ በዓል አይደለም፤ በጸደይ ዓሣ ነባሪ የቀናቸው የጀልባ ቡድኖች በሰኔ ወር በየራሳቸው ቀን ሕዝቡን ያበላሉ። ብዙ ቡድን በቀናው ዓመት በዓሉም ይደጋገማል።

የጉለሌው፦ ሊቀ ጠበብት፣ ዋናውን መልስ ከ1977 በታች ቀበሩት እኮ! ሰሜናዊት፣ የነገው ቢያመልጣችሁ ሌላ ቡድን የሚያስተናግድበት ቀን ሊኖር ስለሚችል ወደ ሆቴላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የአንኮሬጅ ነዋሪ፦ ሆቴሉ ከተነሣ አይቀር፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ በረራችሁ በጉም ምክንያት መመለሱን ንገሯቸው፤ አለበለዚያ እንደቀራችሁ ቆጥረው ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ። የክፍያውን መመለስ የሚወስነው የሆቴሉ ደንብ ነው። የአውሮፕላኑን በተመለከተ፣ አየር መንገዱ በረራውን ከሰረዘና እናንተ ሌላ በረራ አንቀበልም ካላችሁ፣ ምክንያቱ የአየር ጠባይ ቢሆንም እንኳ የቲኬቱን ገንዘብ መመለስ በአሜሪካ ደንብ ግዴታው ነው። ለማደሪያና ለምግብ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ አይገደድም። ነገ እዚሁ ከዋላችሁ አባትዎን ወደ አላስካ ነባር ሕዝቦች ቅርስ ማዕከል ይውሰዷቸው፤ በሐይቁ ዙሪያ የየሕዝቡ ባህላዊ ቤት ስለተሠራ የኢኑፒያቶችንም ገብተው ያያሉ።

ባለ ጥያቄ፦ ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?

ሰሜናዊት፦ ልብሳችን ሁሉ፣ የአባቴም የደም ግፊት መድኃኒት አለበት። የዛሬ ማታውን አልዋጡም።

ነርስ ነኝ፦ ይህ ከበዓሉ ይቀድማል፤ መጀመሪያ መጻፍ የነበረበትም እርሱ ነው። የሻንጣ አገልግሎት ቢሮ ሄደው የሻንጣውን ደረሰኝ እያሳዩ «ውስጡ የታማሚ መድኃኒት አለ፤ አውጡልን» ይበሉ። ካልተገኘ የመድኃኒቱን ስም ወይም የማሸጊያውን ፎቶ ከአዲስ አበባ አስልከው ዛሬውኑ አስቸኳይ ክሊኒክ ይሂዱ፤ በግምት ከሌላ ሰው መድኃኒት አይስጧቸው። ከእንግዲህ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ጉሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ደግ ሰው፦ ሆቴሉ ጋ ይደውሉ።

የጉለሌው፦ ተብሏል።

እውነቱን ልናገር፦ ጉሙ እንደሚመጣ ከታወቀ በሰኔ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

የዘይት ሠራተኛ፦ በሰኔ ባሕሩ ላይ ገና በረዶ አለ፤ ሞቅ ያለ አየር በቀዝቃዛው ውኃ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። በዓሉም ያለው በዚሁ ወር ስለሆነ ምርጫ የለም። ከደረሳችሁ ወፍራም ካፖርት አትርሱ፤ ቀትር ላይ እንኳ ከ5 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ሰዎቹ በጀልባ በተሠራ የነፋስ መከለያ ውስጥ ተቀምጠው ይመገባሉ፤ እንግዳም ይስተናገዳል፤ ስለዚህ ሳህንና ኩባያ ያዙ። ማክታክ የሚባለው የዓሣ ነባሪው ቆዳ ከነስቡ በትንንሹ ተቆርጦ ይሰጣል፤ ጥቁሩ ቆዳ ይታኘካል፤ ነጩ ስብ ግን አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ሰው ወደ ሰማይ የሚወረወርበት ብርድ ልብስ የሚመስለው ነገር ከትልቁ የባሕር ውሻ ቆዳ የተሰፋ ነው፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ባለ ጥያቄ፦ የሐዋርያት ጾም ላይ አይደለንም እንዴ? ማክታኩ እንዴት ይሆናል?

የጉለሌው፦ አባታችን ዳቦውን ይብሉ።

ተመላላሽ፦ ሰሜናዊት፣ እኔም ከዚያው አውሮፕላን የወረድሁ ነኝ፤ ለሥራ ወደዚያ እመላለሳለሁ። ሻንጣዎቹ ሳይነገረን ወርደዋል፤ ያልተነሡት ከመረከቢያው አጠገብ ካለው ቢሮ በር ላይ ተደርድረዋል። የባሮው ምልክት የተለጠፈበት አረንጓዴ ሻንጣ አይቻለሁ፤ የእናንተ ከሆነ ቢሮው ሳይዘጋ ድረሱ። ለነገው በረራም ሠራተኛዋ ተጠባባቂዎችን በመጡበት ተራ እየጻፈች ነው።

ነርስ ነኝ፦ ሰሜናዊት፣ መድኃኒቱ ተገኘ?

ተመላላሽ፦ ሻንጣው ከበሩ ላይ ተነሥቷል፤ ማን እንደወሰደው ግን አላየሁም። በዝርዝሩ ላይ ከእኔ በፊት የተጻፉት ሁለት ሰዎች እናንተ ናችሁ?